ከግድግዳው ወዲያ የሚያንኮራፋው ሰው

ያንኮራፋል። ይኸው ጀመረ። ሉክናር ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው ራሱን ለማታለል የሚያደርገውን ሁሉ አድርጎ ነበር፤ ከግድግዳው ወዲያ ፍሬኔል ከጀመረ በኋላ ግን ያ ሁሉ ዋጋ የለውም። የፍሬኔል ማንኮራፋት እንደ ሌላው ሰው አይደለም። ዝቅ ብሎ ይነሳል፣ ዳገት እንደያዘ የጭነት መኪና እያጉረመረመ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ በቀጭኑ ያፏጭና ቁልቁል ይለቀቃል። ሉክናር ያቺን ፉጨት ያውቃታል፤ እንቅልፍ የጠገበ ሰው ፉጨት ናት ብሎ ከወሰነ ቆይቷል። እሱ ሌሊቱን በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት የማያውቀውን ሰው አንሶላ ሲያጥብ አድሮ፣ ማለዳ ገብቶ፣ መጋረጃውን ዘግቶ ይጋደማል። በጀርባው ሲተኛ ደረቱ ላይ ሰው የተቀመጠበት ይመስለዋል፣ በጎኑ ሲሆን ይስላል፣ ተነስቶ ሲቀመጥ ደግሞ ያ የጠፋ እንቅልፍ ይመጣበታል፣ እንዲህ ሲል ቀኑ ይጋመሳል። ፍሬኔልም የሌሊት ሰው ነው፤ ታክሲ ይነዳል፣ እሱም ማለዳ ይገባል። ግን የእሱ ነገር አጭር ነው፤ አንዱ ጫማ ዱብ፣ ሌላው ጫማ ዱብ፣ ከዚያ ማንኮራፋት። በሰው መኪና የሚቀና አለ፣ በሰው ሚስት የሚቀና አለ። ሉክናር በሰው ትንፋሽ ይቀናል። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ለንስሐ ቢቀርብ እንኳ ቄሱ ኃጢአቱን ከየትኛው ወገን እንደሚመድበው የሚቸገር ይመስለዋል።

ዓይኑን ገለጠ። ግድግዳው ፊቱ ላይ ነው። ሻጋታው ከአልጋው ራስጌ በስተግራ ካለው ማዕዘን ተነስቶ፣ መስኮቱ ሥር አልፎ፣ አሁን ሰው ቆሞ እጁን ቢዘረጋ የሚደርስበት ድረስ ወጥቷል። መሃሉ ጥቁር ነው፣ ዳር ዳሩ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ቀረብ ብሎ ላየው ደግሞ ጠጉር አብቅሏል። ወትሮ አበባ ያለበት አንሶላ ይሸፍነው ነበር። ዛሬ አንሶላው ታጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ ትመጣለች። ካየች ታስጠግናለች፤ ካላየች የበረዶው ወራት እደጅ ነው። የክሊኒኩ ሐኪም ነገሩን አላከበደበትም፣ አላቀለለበትምም። መድኃኒቱን ልጨምርልዎት እችላለሁ፣ ለግድግዳዎ ግን የማዝለት የለኝም፣ አለው፤ ሌላ የበረዶ ወቅት እዚያ ክፍል ውስጥ ከደገሙ ከሳንባዎ የሚሄደው አይመለስም። ቤት ለምን አይለቅም ይላል የማያውቅ። በሞንትሪያል ከአሮጌ፣ ርካሽ ኪራይ የወጣ ሰው ወደ አሮጌ ኪራይ እንደማይመለስ፣ እንኳን ሰው፣ ሻጋታውም ያውቃል፤ ለዚህ ነው ሁለቱም የማይለቁት።

እና ባለፈው ጊዜ ምን ነካው? በረዶው ቀልጦ ባለቀ ሰሞን ነበር። ፍሬኔል ነው ለማዘጋጃ ቤቱ ደውሎ ተቆጣጣሪውን ያስመጣው፤ የሁለታችንንም ያያል፣ ከአንተ ይጀምራል፣ ብሎ ነግሮታል። እንግዳ ይመጣል የተባለ፣ እንደ እሱ በአገር ቤት ዤሬሚ ከተማ ያደገ ልጅ ምን ያደርጋል? ወለሉን ወለወለ። ምድጃውን ፈተገ። የመስኮቱን መስታወት በጋዜጣ አሸው። ከዚያ ከሥራ ቦታው ያመጣውን ወፍራም በረኪና ገልብጦ ወደ ግድግዳው ዞረ። ወይን ጠጅ፣ ደም፣ የከንፈር ቀለም፣ ሰው በሆቴል አልጋ ላይ የሚተወውን ምልክት ሁሉ እያጠፋ ነው እዚህ አገር ፀጉሩ የሸበተው፤ ሻጋታ ያቅተዋል? አላቃተውም። ግድግዳው እስኪያበራ ነጣ፤ በላዩም አንድ እጅ ቀለም ደረበበት። የበረኪናው ሽታ ደረቱን ቢዘጋው ደጅ ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ እየሳለም ቢሆን ኩራት ተሰማው። ተቆጣጣሪው ረጅም ወጣት ነው፣ ሲገባ ጎንበስ ይላል። የዝንጅብል ሻይ ፈልቷል፤ ከመስታወት ቁም ሳጥኑ ላይኛው መደርደሪያ፣ ለሰው የማይወርደው ስኒ ወርዷል። ልጁ ሻይውን እየጠጣ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰው፣ ቤትዎ እንዴት ንጹሕ ነው አለ፣ ሉክናርም፣ አሁን ሲያስበው ጥርሱን ያፋጫል፣ አመሰገነ። የሚታይ ጉዳት የለም ተብሎ ተጻፈ። ሻጋታው ደግሞ ቀለሙን ከሥሩ እያነሳ፣ ተቀይሞ እንደሄደ ዘመድ፣ ሳይናገር ተመለሰ።

እጁ አይደለም ጥፋተኛው፣ የእናቱ እጅ ነው። አገር ቤት አንድ ሐኪም በሞተር ብስክሌት ዳገቱን ወጥቶ ሊያያት የመጣ ቀን እናቱ ከአልጋዋ ተነስታ ደጁን አስጠረገች፣ ነጩን ቀሚስ ለበሰች፣ አንገቷ ላይ የሕፃን ዱቄት ነሰነሰች። እንዴት ነዎት ሲላት፣ ምንም አልል፣ እግዜር ይመስገን፣ አለችው። ዝናቡ ሳያባራ ሞተች። ሉክናር ያኔ እዚህ ነበር፣ አንሶላ እያጠበ፤ የነገረችው እህቱ ሮዝሜን ናት በስልክ፣ የነገረችውም እንደ ገድል ነው። ዶክተሩ እኮ፣ ቤታችሁ እንዴት ያምራል አለ፣ ሉክናር፣ እንዲህ ያለ ቤት አላየሁም አለ። እሱም ስልኩን ይዞ፣ እውነትም ያምር ነበር፣ አለ። ሁለቱም አለቀሱ። ስለ ሳንባዋ የተናገረ የለም።

ፍሬኔል ግን! ፍሬኔልን እናቱ እፍረት የሚባል ነገር ሳትሰጠው ነው የወለደችው። እሱ በዚያው ግድግዳ ወዲያኛው ፊት ላይ ያንኑ ሻጋታ ሲያረባ ከረመ፤ ማርባት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ረጅሙ ልጅ የሉክናርን ሻይ ጨርሶ ኮሪደሩን ሲሻገር ፍሬኔል በካናቴራ ተቀበለው፣ ወንበር አላለውም፣ ውሃ አላለውም፣ ሶፋውን ጎትቶ ግድግዳውን አሳየውና ፊት ለፊቱ ሳለበት። ልጁ አፍንጫውን ይዞ ወጣ። ትእዛዝ ወጣ። ጭንብል ያጠለቁ ሠራተኞች መጥተው ግድግዳውን በፍሬኔል በኩል ብቻ አፈረሱ፣ ከሉክናር በኩል ጉዳት የለም ተብሎ ተጽፏልና፤ በነጭ አዲስ ሰሌዳ ከደኑት፣ መስኮት ቀየሩለት፤ ዳኛ ፊትም ቀርቦ የታመመበትን ወራት ኪራይ አስቀነሰ። ከዚያማ የሕንፃው ሰው አራስ እንደሚጠየቅ የፍሬኔልን ግድግዳ ሊጠይቅ ይጎርፍ ጀመር። ከፎቅ ያለችው ማዳም ኢቮዝ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ፣ በኮምጣጤና በሚጥሚጣ የተዘፈዘፈ ጎመን አስከትላ ወረደች። ሉክናርም ሄደ፤ መቅረት ቅናት ይመስላል ብሎ።

«ዳስሰው፣ አበልጅ፤ አይነክስም» አለው ፍሬኔል።

ዳሰሰው። ደረቅ ነው፣ ልክ እንደ ዳቦ ቅርፊት ደረቅ።

«ያምራል።»

«ያምራል ብቻ? ማዳም ኢቮዝ እንባዋ መጥቷል እኮ።»

«ሽንኩርት ስትከትፍ ቆይታ ነው የወረደችው።»

ፍሬኔል ሳቀ፤ የጠገበ ሰው በምንም ይስቃል። ያን ዕለት ሉክናር በግድግዳው ቀና፣ በመስኮቱ ቀና፣ በአሳማው ሥጋ ቀና፣ ፍሬኔል ከሐኪሙ ባጻፈው ደብዳቤ ቀና። በኋላ ነገሩ እየባሰበት ሄደ። ሌሊት በማጠቢያው ማሽን ፊት ቆሞ፣ ለነገሩ የእሱ ሻጋታ ከእኔ ይበልጥ ነበር፣ ሲል ራሱን ያገኘዋል፤ ሰው በሌላው ሻጋታ ስፋት ሲቀና ምን ያህል እንደወረደ እያወቀው ነው። ፍሬኔል ደግሞ ምቀኛ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አይደለም፣ መካሪ ነው፣ መካሪ ደግሞ ከምቀኛ ይከፋል። ኮሪደር ላይ ባገኘው ቁጥር ሕጉን ያስተምረዋል። ቤቱ ሰው ጤናውን ይዞ የሚኖርበት መሆን አለበት፣ ይላል። መጀመሪያ ለአከራይህ በጽሑፍ አሳውቅ፣ ፎቶ አንሳ፣ ሐኪምህ ይጻፍልህ፣ ማዘጋጃ ቤት ደውል። ኪራይ ግን እንዳታቆም፤ ያቆምክ ቀን ጥፋተኛው አንተ ነህ። አቤት ስላልክ ደግሞ ሊያስወጣህ አይችልም። ሉክናር ራሱን ይነቀንቃል። ሁሉም እውነት ነው። እውነት ሆኖ ከፍሬኔል አፍ መውጣቱ ነው የሚያንገበግበው።

አከራያቸው ሙሴ ታንክሬድ የሌላ አገር ሰው ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። የዤሬሚ ሰው ነው፤ አገር ቤት ሒሳብ አስተማሪ ነበር፣ እዚህ መጥቶ ሦስት ሕንፃ አበጀ። ኪራይ ለመቀበል ሲመጣ ባርኔጣውን አውልቆ ይገባል። ሉክናር ስለ ግድግዳው በፊቱ አንስቶበታል፣ አንድ ጊዜ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«ቦሎቄ ትቀቅላለህ?» አለው ሙሴ ታንክሬድ።

«ቦሎቄ የማይቀቅል የእኛ አገር ሰው አለ እንዴ፣ ሙሴ ታንክሬድ?»

«ይኸውልህ። እንፋሎቱ የት ይሄዳል? ሒሳብ ነው፣ ልጄ። መስኮትህን ክፈት፣ የድስትህን ክዳን ግጠም። ያ ፍሬኔል የሰው ዘር መሆኑንም እንጃ፤ የአገሩን ሰው ዳኛ ፊት ገተረ። አንተ ግን እናትህን አውቃታለሁ። የእሷ ቤት ወለሉ ላይ ቢበላ ይበላበት ነበር።»

በዚህች ንግግር ሉክናር ስንት ወር ዝም እንዳለ ፈጣሪ ይወቀው። ከፍሬኔል ሲያወዳድረውና ሲያበልጠው ደስ ብሎት ነው ዝም ያለው። ደስታውን ይዞ ገብቶ፣ የድስቱን ክዳን ገጥሞ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ የውጭውን ነፋስ ከሻጋታው ጋር አንድ ላይ ሲተነፍስ ከረመ። ደብዳቤውን የጻፈው፣ ማዘጋጃ ቤትም የደወለው፣ የሙቀቱ ወራት ሊወጣ ሲል አንድ ማለዳ ከአውቶቡሱ ማቆሚያ እስከ ቤቱ ያለችው አጭር መንገድ መሃል ላይ ትንፋሽ አጥሮት ቆሞ ካረፈ በኋላ ነው።

ስልኩ ይጮሃል። ሮዝሜን ናት፣ በምስል። ልማዱ ሆኖ እጁ ወደ አንሶላው ሄደ፤ ስትደውል ሁልጊዜ ጀርባው ላይ ያ አበባ ነው የሚታያት፣ ጎረቤቶቿንም ጠርታ የወንድሜን መኝታ ቤት እዩ ስትል ሰምቷል። ዛሬ አንሶላው መሰቀል የለበትም። ስልኩን ወደ ጣሪያው አዙሮ አነሳው።

«ምነው ጣሪያ አሳየኸኝ? ፊትህን ሸጥከው?»

«አሁን ነው ከእንቅልፌ የነቃሁት።»

«ታድለህ። እኛ እዚህ በአቧራና በጄኔሬተር ጭስ ስንታፈን አንተ እዚያ ንጹሕ አየር እየሳብክ ትተኛለህ። አንዳንዴ እቀናለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።» ከዚያ አዳመጠች። «ያ ድምፅ ምንድን ነው? ሳልህ ነው?»

«የጎረቤት ማጠቢያ ማሽን ነው።»

«ማሽኑን የጉሎ ዘይት አጠጣው በለው» አለችና ዘጋች። በአገራቸው የጉሎ ዘይት ለሳል ነው የሚጠጣው፤ ሮዝሜን ሞኝ አይደለችም።

በእሱ ትቀናለች። እሱ በፍሬኔል ይቀናል። ፍሬኔል በማን ይቀና ይሆን? በማንም፤ የሚያንኮራፋ ሰው በማንም አይቀናም። ትናንት ማለዳ፣ ወይስ ከትናንት ወዲያ፣ ቀኑ ከሌሊቱ ተደባልቆበታል፣ ብቻ ከሥራ ገብቶ ካፖርቱን ሳያወልቅ ከበሩ ላይ «ክብር!» የሚል ድምፅ ሰማ። በአገራቸው እንዲህ ነው፤ የመጣው ሰው ደጅ ቆሞ «ክብር!» ይላል፣ የቤቱ ባለቤት «አክብሮት!» ሳይለው እግሩን አያነሳም። ሉክናር ፍሬኔል መሆኑን አውቆ ካፖርቱን ቀስ ብሎ አወለቀ፣ ሰቀለ፣ አንገትጌውን አስተካከለ። እዚህ አገር ፍሬኔልን ማስጠበቅ የሚችልበት ነገር ይህ ብቻ ነው። «አክብሮት» አለ ሲጠግብ።

«በረኪናውን ስጠኝ» አለ ፍሬኔል ገና ሲገባ።

«ምን?»

«ሴትዮዋ ልትመጣ ነው። አንተን አውቅሃለሁ፣ አበልጅ፤ ሰዓቱ ሲቀርብ እጅህ አያስቀምጥህም። እኔ ጋ ይቀመጥ። አታጥብ። ሻይም አታፍላ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

ሉክናር ጠርሙሱን ሰጠው። የበረኪናዬም ባለቤት እሱ ሆነ፣ ብሎ በሩን ዘጋ። ዛሬ ግን ማለዳ ከሥራ ከገባ አንስቶ እስካሁን ግድግዳውን ለማጠብ እጁን እየበላው ነው፤ ልክ ነበር ፍሬኔል፣ ጠርሙሱ ቢኖር ኖሮ ይሄኔ ግድግዳው ነጭ ነው። ልክ መሆኑ ራሱ…

ማንኮራፋቱ ቆሟል። መቼ ቆመ? ሉክናር ትንፋሹን ይዞ አዳመጠ። በምትኩ አንድ ሌላ ነገር ይሰማል፤ ሸ፣ ሸ፣ ሸ። ሽታም አለ፣ ያ አፍንጫን የሚወጋ ሽታ። እጁን አሸተተ፤ በሳሙና ነው የታጠበው። ሸ፣ ሸ፣ ሸ፣ ትንሽ እረፍት፣ ደግሞ ሸ። ያንን ድምፅ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ከእሱ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ጠጉሩ የደነደነ መፈተጊያ ነው፣ የረጠበ፣ በክብ የሚዞር፣ ከታች ወደ ላይ። መጀመሪያ የመጣበት ያው ቅናቱ ነው። ነጩን ሊያነጣ ነው፣ አለ፤ ሴትዮዋ የእኔን አይታ ስትወጣ በሩን ከፍቶ የእሱን ሊያሳያት ነው። ቀጥሎ ከእሱ ቀድሞ ለእጁ ገባው። ነጭ ግድግዳ ማንም በበረኪና አይፈትግም።

በካናቴራው ወጥቶ ኮሪደሩን ተሻገረ።

«ክብር!»

መፈተጉ ቆመ።

«ክብር ብያለሁ፣ ፍሬኔል።»

«ተኝቻለሁ።»

«የተኛ ሰው አይፈትግም።»

ዝቅ ባለ ድምፅ «አክብሮት» ተባለ። ሉክናር ገፍቶ ገባ። ቁም ሳጥኑ ከቦታው ተጎትቷል። ከኋላው፣ ያ ሁሉ ሰው ሊጠይቀው በወረደው አዲስ ግድግዳ ላይ፣ ሻጋታው ከጉልበት በላይ ደርሷል፤ ከታች በኩል ታጥቦ ነጥቷል፣ ከላይ ገና ጥቁር ነው። ፍሬኔል ተንበርክኮ መፈተጊያውን ይዞ ቀና ብሎ ያየዋል፣ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፤ በትንፋሹ መጨረሻ ላይ ያቺ ቀጭን ፉጨት አለች። የጠገበ ሰው ፉጨት። ይህን ያህል ጊዜ ሲቀናባት የኖረው ፉጨት፣ ነቅቶም አብራው አለች።

«መቼ ተመለሰ?»

«ሙቀቱ ሳይወጣ። ቱቦው በመሃላችን ነው፣ ግድግዳው ውስጥ፤ ከእኔ በኩል ብቻ ከፍተው ነው የደፈኑት።»

ከአንተ በኩል ጉዳት የለም ተብሎ ነበር፣ አላለውም። ሁለቱም ያውቁታል።

«ለምን አልተናገርክም? አንተ፣ ሕግ አዋቂው።»

«ለማን ልናገር? ማዳም ኢቮዝ እንግዳ በመጣባት ቁጥር፣ የፍሬኔልን ግድግዳ እዩ እያለች ታወርዳቸዋለች። አሁንማ ቤት አለኝ፣ አበልጅ፤ ያኔ ምንም አልነበረኝም፣ ምን ያሳፍረኝ ነበር? ታንክሬድ ደግሞ ምን እንደሚል ታውቃለህ።»

«ቦሎቄ» አለ ሉክናር።

«ቦሎቄ» አለ ፍሬኔል።

«የአንተን ካጠብከው የእኔ ሻጋታ የቦሎቄዬ እንፋሎት ነው ሊባል ነው።»

«አውቃለሁ። ሴትዮዋ ብታንኳኳብኝስ ብዬ ነው። እጄ ነው፤ እንግዳ ይመጣል ሲባል አላስቀምጥ አለኝ።»

የውጭው በር ደወል ተደወለ። ፍሬኔል ተነስቶ ቁም ሳጥኑን በትከሻው ወደ ቦታው መለሰው። «አትንገራት» አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ።

ተቆጣጣሪዋ ማዳም ፔልቲዬ አጭር ሴት ናት፣ ጭቃ የያዘ ቦቲ አድርጋለች፣ ጭቃውን ሳትጠርግ ገባች። ሉክናር ወንበር ልስጥዎት ሊል አፉን ከፍቶ ዘጋው፤ እጁ የሚይዘው ነገር ቢያጣ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሴትዮዋ እርጥበት የሚለካ ነገር አውጥታ ግድግዳው ላይ አስጠጋች፣ ጮኸ። ጥግ ላይ አስጠጋች፣ ባሰበት። ፎቶ አነሳች። ትንፋሹን ሰምታ ኖሮ ዞር ብላ አየችው፣ ከዚያ ወረቀቷን አየች።

«አከራይዎ የምግብ እንፋሎት ነው ይላሉ» አለች። «ከወዲያ ያለው ግድግዳ ታድሶ ደርቋል ይላል መዝገቡ። ከወዲያ ደረቅ ከሆነ ውሃው ከዚህ ቤት የሚመጣ ነው የሚመስለው። ጎረቤትዎን ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?»

ቃሉ ምላሱ ላይ ነው። አንድ ቃል፤ የፍሬኔል ግድግዳ፣ ማንኮራፋቱ፣ የአሳማው ሥጋ፣ ምክሩ ሁሉ በአንድ ላይ ይወርዳል። ይህን ቃል ሳያገኘው በፊት ስንት ቀን በአልጋው ላይ ሲመኘው ነበር፤ አሁን ሲያገኘው ምንም አይጣፍጥም። ዝም ካለ ደግሞ ሳንባው ነው የሚከፍለው። እናቱ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ፣ ምንም አልል ትላለች።

ወደ ግድግዳው ሄደ። ሻጋታው መሃል ላይ፣ በጣቱ አጥንት፣ አንኳኳ።

«ክብር!» አለ።

ሴትዮዋ አየችው። ፍሬኔል ተኝቻለሁ ሊል ይችላል፤ ቤቱ ነው፣ መብቱ ነው። ሉክናር መዳፉን ግድግዳው ላይ እንዳሳረፈ ጠበቀ፤ ግድግዳው ይቀዘቅዛል፣ ይረጥባል። ከዚያ ከወዲያ አንድ ሳል ተሰማ።

«አክብሮት» አለ ፍሬኔል፤ ቀጥሎ ቁም ሳጥኑ ሲጎተት ወለሉ ጮኸ።

ማዳም ፔልቲዬ ከፍሬኔል ቤት ቶሎ አልወጣችም። ሉክናር ኮሪደር ላይ ቆሞ ያዳምጣል። መለኪያው ሲጮህ ይሰማል፣ ከእሱ ቤት ይልቅ አጥብቆ። ፍሬኔል፣ ግማሹን አጥቤዋለሁ ማዳም፣ ግማሹ አለ፣ ሲል ይሰማል። ስትወጣ ለሁለቱም ነገረቻቸው፤ ግድግዳው አንድ ነው፣ ቱቦውም አንድ ነው፣ ከሁለቱም በኩል ተከፍቶ ይጠገናል፤ ክፍት ሆኖ እያለ አከራዩ ሌላ ማደሪያ ይፈልግላችኋል። ትእዛዙ በረዶው ሳይመጣ ይደርሰዋል። ደረጃው ላይ ከደረሰች በኋላ ዞራ ፍሬኔልን፣ «የእርስዎ ይብሳል» አለችው፣ «ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።»

ይብሳል። ሉክናር ገብቶ ተጋደመ። ይብሳል አለችው። ለእኔ አላለችኝም። ደረቱ ውስጥ የድሮው ነገር ብድግ ሲል ታወቀው፤ በቃ ሞተ ያለው ነገር፣ ሻጋታ ነው እንዴ ይሄም? ስልኩን አንስቶ ለሮዝሜን ደወለ። አንሶላውን አልሰቀለም። ስታየው፣ ያ ጥቁር ምንድን ነው አለች፣ ግድግዳዬ ነው አላት። «እኛ ጋ እንኳ እንዲህ ያለ የለም» አለች ሮዝሜን፤ አዘነች፣ በእውነት አዘነች፣ ግን እግዜር ይቅር ይበላትና ድምፅዋ ውስጥ ትንሽ እፎይታ ነበረበት። ሉክናር አልተቀየማትም። ያንን ድምፅ ያውቀዋል።

ከግድግዳው ወዲያ ተጀመረ፤ ዳገቱ፣ ጫፉ፣ ፉጨቱ። ሉክናር አንኳኳ።

«በጎንህ ተኛ!»

«አንተስ ለምን አልተኛህም?»

«ቀንቼብህ።»

«በምኔ?»

«ሴትዮዋ አንተ ጋ ቆየች።»

ከወዲያ ሳቅ ተሰማ፣ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፣ ሳሉ አልቆ፣ «በረኪናህን ውሰድልኝ» አለ ፍሬኔል።

«እኔ ጋ አይመጣም። እጄን አላምነውም።»

«እኔስ የራሴን?»

ሲመሽ ወደ ሥራ ሲወጣ ጠርሙሱ ኮሪደሩ ላይ፣ በሁለቱ በሮች መሃል ቆሞ አገኘው። ጎንበስ ብሎ አየው። ወደ እሱ በር ጠጋ ብሏል። ሉክናር ግራ ቀኙን አይቶ፣ በእግሩ ጫፍ ትንሽ ገፋ አድርጎ፣ እኩል መሃል ላይ አቆመው።